ባሕር የሌላት አገር ልዑክ

ውድ ፔይተን፣

ነገሩ የተበላሸው ሊቀመንበሩ ዴዝሞንድ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ የአቅራቢዎቹን ስም ማንበብ የጀመረ ጊዜ ነው። «የውሳኔ ረቂቅ ሁለት» አለ። «አቅራቢዎች፦ ጃፓን፣ ኖርዌይ፣ ሴኔጋል።» በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ከኖርዌይ ቀጥሎ መምጣት የነበረባት ፓራጓይ ናት። አቅራቢዎች ሲጠሩ ወደ መድረክ ስለሚወጡ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ፣ «ፓራጓይ» የተጻፈበትን ካርቶኔን ይዤ፣ ግማሽ ብድግ ብዬ ነበር። «ፈራሚዎች» አለ ዴዝሞንድ፤ የፊጂን፣ የግሪክን፣ የኬንያን ስም ጠራ። ፓራጓይን ከሁሉም በኋላ አነበባት።

አንቺን አየሁሽ። የኮትሽን ቁልፍ እየቆለፍሽ ወደ መድረኩ ትሄጂ ነበር። አልዞርሽም።

መልእክትሽ ደርሶኛል። «ዋንዳዬ! ሚስ ቮይት ለአዲሶቹ ልጆች መነሻ መመሪያ አዘጋጁልኝ ብለውናል። ቃላቱን፣ አሠራሩን፣ ምን ሲባል ምን እንደሚደረግ። አንቺ ጻፊው፤ ወረቀት ላይ አንደኛ እኮ ነሽ። እኔ መስከረም ላይ ከዋሽንግተን መጥቼ አቀርብላቸዋለሁ። እንደ ድሮው!» ብለሻል። ደጋግሜ አነበብኩት። አልተናደድኩም። «እንደ ድሮው» የሚለው ላይ ብቻ ቆም አልኩ፤ ድሮው ለአንቺና ለእኔ አንድ እንዳልሆነ እስካሁን አለማወቅሽ ገርሞኝ። ስለዚህ ቃላቱን ልጻፍልሽ። ታሪካቸውን ነጥዬ ግን ልሰጥሽ አልችልም፤ እኔ የተማርኳቸው ከነታሪካቸው ነው።

ልዑክ ማለት የተባበሩት መንግሥታትን አስመስሎ በሚካሄድ የተማሪዎች ጉባኤ ላይ ለሁለት ቀን የራሱን ስም አውልቆ የአገር ስም የሚለብስ ተማሪ ነው። አዳራሹ ውስጥ «እኔ» ማለት ክልክል ነው። ራበኝ ለማለት እንኳ አገሩን ማስራብ አለበት። «ኖርዌይ በረሃብ ልትሞት ነው፤ ፓራጓይ ብስኩት ካላት ለጎረቤት ታካፍል» ስትዪኝ በሳቅ እንፈርስ ነበር። አገሮቹን ያከፋፈሉን የቡድናችን አስተማሪ ሚስ ቮይት ናቸው። አንቺ ኖርዌይን ጠይቀሽ ወሰድሽ። ለእኔ ፓራጓይ ደረሰችኝ። የኮሚቴያችን ርእስ ባሕር ላይ ጠፍተው የሚቀሩ የዓሣ መረቦች ነበር፤ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ሆድሽን ይዘሽ የሳቅሽው አይረሳኝም።

«ባሕር የሌላት አገር! ስለ ባሕር! አንቺ ልጅ፣ ምን ልትዪ ነው? ‹ክቡር ሊቀመንበር፣ ስለ ባሕር ሰምተናል፣ ጥሩ ነው ይላሉ›?»

«መረብ አውቃለሁ» አልኩሽ።

ማወቄን አንቺም ታውቂያለሽ። አባቴ መንደራችን ናይፍ ሪቨር፣ ሐይቁ ላይ መረብ ሲጥልና ሲያነሣ ነው ያደግኩት። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የዕቃ ሣጥኔ ላይ የዓሣ ሥዕል የለጠፉብኝ ልጆች ነበሩ፤ ካፖርቴ የሐይቁን ዓሣ ከምናጨስበት ቤት ሽታ ይዞ ስለሚመጣ። ምሳ ቤት ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ማንም አይቀመጥም ነበር። አንቺ ትሪሽን ይዘሽ መጥተሽ ፊት ለፊቴ ቁጭ አልሽ። «እኔ ደግሞ የተጨሰ ዓሣ ነፍሴ ነው፤ ታመጪልኛለሽ?» አልሽኝ፤ ሁሉም እንዲሰማሽ ጮክ ብለሽ። ይህን የምጽፈው ላመሰግንሽ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያደረግሽውን ሁሉ ዝም ብዬ ያሳለፍኩበት ምክንያት ይኸው ስለሆነ ነው። አንዲት ወሬኛ ልጅ አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ላደረገችልኝ ደግነት ዓመታት ከፈልኩ። ዋጋውን የጠየቅሽኝ አንቺ አልነበርሽም፤ እኔ ነኝ እየጨመርኩ የሰጠሁሽ።

የሥራ ሰነድ ማለት ገና ሕግ ያልሆነ፣ ማንም ሊያርመው የሚችል ጽሑፍ ነው። የእኛን የጻፍኩት እናንተ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እናትሽ ድንች የተደረደረበትን የምድጃ ምግብ አውጥተው «ብሉ እንጂ፣ ዓለምን በኋላ ታድኑታላችሁ» ሲሉን ትዝ ይልሻል? አንቺ ሶፋው ላይ ተጋድመሽ እግርሽን ክንዱ ላይ ሰቅለሽ የጻፍኩትን በኖርዌይ ድምፅ ታነቢ ነበር። ድምፅሽ ያምር ነበር። የእኔ ዐረፍተ ነገር ከአንቺ አፍ ሲወጣ ትክክል መሆኑን ያመንኩት ብዙ ጊዜ እንዲያ ስታነቢው ነው።

የሰነዱ ልብ አንቀጽ ሦስት ነበር። መረብ የጠፋበት ሰው መጥቶ ቢናገር አይቀጣም፤ ይልቁንም መረቡን ለማውጣት እርዳታ ያገኛል የሚል። አንድ ኅዳር አባቴ በማዕበል መረብ ጠፍቶበት ነበር። ጥያቄና ቅጣት ይመጣብኛል ብሎ ለማንም አልተናገረም። የጠፋ መረብ ማጥመዱን አያቆምም፤ ዓሣ ይገባበታል፣ ይሞታል፣ የሞተውን ሊበላ ሌላ ይመጣል፣ እሱም ይያዛል። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ በሚቀጥለው በጋ በዚያ በኩል በጀልባ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞር ነበር። ለአንቺ ብቻ ነው ይህን የነገርኩሽ። አንቀጹ ከዚያ እንደመጣ ታውቂ ነበር።

የስም ጥሪ ሲደረግ ልዑኩ ሁለት ዓይነት መልስ አለው። «ተገኝቻለሁ» ካለ በመጨረሻ ድምፀ ተአቅቦ ማድረግ ይችላል። «ተገኝቻለሁ፣ ድምፅም እሰጣለሁ» ካለ ግን መሸሻ የለውም፤ ወይ ይደግፋል ወይ ይቃወማል። አዳራሹ በር ላይ ክርኔን ያዝ አድርገሽ «ሁለተኛውን በይ፣ ቆፍጠን ያለች አገር ያስመስልሻል» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። በሁለቱም ቀን አልኩት።

ሊቀመንበሩ የማይመራው ውይይት የሚባለው ደግሞ ሁሉም ከወንበሩ ተነስቶ የሚገፋፋበት ሰዓት ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ አገሮች በነፃነት ይመካከራሉ። የሚሆነው ግን፣ ረጃጅሞቹ ልጆች መሃል ይቆማሉ፣ ሌላው ዙሪያቸውን ይከባል። ብሬደን፣ ያ የጃፓን ልዑክ፣ ከከተማው ትልቅ ትምህርት ቤት የመጣው፣ ካርቶኔን አይቶ ምን እንዳለ ታስታውሺያለሽ።

«ፓራጓይ? አንቺን ደግሞ ምን አግብቶሽ? ለመሆኑ ዋና ትችያለሽ?»

«ከአንተ ትሻላለች፤ አንተ በወሬ ብቻ ነው የምትዋኘው» አለችው ከጎኔ የምትቀመጠው ማሪቤል፤ የፔሩ ልዑክ። ያን ዕለት ጠዋት ነው የተዋወቅነው።

አንቺ ሳቅሽ፤ ትከሻው ላይ መታ አድርገሽው «ተዋት ባክህ፣ ዋንዳ እኮ የእኛ ጭንቅላት ናት» አልሽ። እኔም ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ጭንቅላት መባል ምን እንደሚያሳጣ አልገባኝም ነበር። ጭንቅላት መድረክ ላይ ብቻውን አይወጣም፤ ፊት ያስፈልገዋል፤ ፊቱ ደግሞ አንቺ ነበርሽ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት የእኛና የጃፓን ሰነዶች ይዋሃዱ ተባለ። ውሕደት ማለት ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው አገሮች ወረቀታቸውን አንድ አድርገው ብዙ ድምፅ የሚያገኙበት ነው። «አንቺ እዚህ ሆነሽ ጽሑፉን አርሚ፣ እኔ ጃፓንን ላባብል» አልሽኝ። ቀዝቃዛ ሳንድዊቼን በአንድ እጄ ይዤ ሥርዓተ ነጥብ አስተካከልኩ። ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና ስል አንቺና ብሬደን መስኮቱ አጠገብ ቆማችሁ ነበር። እጃችሁን ተጨባበጣችሁ። ተሳካላት ብዬ አውራ ጣቴን ከሩቅ አሳየሁሽ። አንቺም አሳየሽኝ። ከዚያ መጥተሽ «ጨረስሽ? የኔ ቆንጆ፣ እኔ አስገባዋለሁ፤ አንቺ ሳንድዊችሽን ጨርሺ» ብለሽ ወሰድሽው።

አቅራቢ ሰነዱን የጻፈ አገር ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ ያነብባል፣ ጥያቄ ይመልሳል፣ ዳኞቹም የሚያዩት እሱን ነው። ፈራሚ ግን ሰነዱ ለውይይት ይቅረብ ብሎ ስሙን የሚያውስ ብቻ ነው፤ ማንበብም አይጠበቅበት፣ መስማማትም አይጠበቅበት። ሁለቱም ስማቸው በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል። ከሩቅ ለሚያይ ልዩነት የላቸውም። በዚያ ጉባኤ የሚመዘገበው ውጤት ደግሞ ተራ ነገር አልነበረም፤ ሚስ ቮይት የቀጣዩን ዓመት የቡድን አለቃ የሚመርጡት በዚያ እንደሆነ ነግረውናል። አለቃ መሆን እንደምፈልግ ደግሞ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ስለዚህ ዴዝሞንድ ፓራጓይን ከፈራሚዎች ጋር ሲጠራት ካርቶኔን አነሳሁ። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ አልኩ።

«የፓራጓይ ልዑክ፣ ጥያቄዎ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዴዝሞንድ መዶሻውን መታ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ከእኛ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ግን ያንን መዶሻ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ነበር የሚይዘው።

«አንደኛ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ‹እኔ› የምትባል አገር የለችም» አለ፤ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። «ሁለተኛ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ የሚነሳው ሊቀመንበሩ ደንብ ሲጥስ ነው። ማን ምን እንደጻፈ ሊቀመንበሩ አያውቅም። በእጄ ያለው ወረቀት ፈራሚ ይላል። ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ትክክል ነበር። ስለ ዴዝሞንድ ዛሬም ክፉ ማለት አልችልም፤ ሕጉን እንደተጻፈ ነው የተረጎመው። በዚያ ቤት ውስጥ የተበደለ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ስም የለውም። በደንቡ ውስጥ ሙቀት ሲበዛ መስኮት ይከፈትልኝ የሚባልበት ጥያቄ እንኳ አለ። ጓደኛዬ ስሜን ወሰደችብኝ የሚባልበት የለም። ይህን ለአዲሶቹ ልጆች መንገር ያስፈልጋል።

ቁራጭ ወረቀት ላይ «ለምን?» ብዬ ጻፍኩልሽ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ደረሰሽ። መልስሽም በዚያው መንገድ መጣ፤ እየተቀባበሉ ያላነበቡት ያለ አይመስለኝም። «ብሬደን ባሕር የሌላት አገር አቅራቢ ከሆነች ይስቁብናል አለ። ስም ብቻ እኮ ነው! በኋላ እነግርሻለሁ። ፈገግ በይ!» ሥሩ ላይ ልብ ሥለሻል።

ያን ጊዜ የታደለውን ረቂቅ ገለጥኩ። ፈገግ ማለቱ ሳይሻል አይቀርም ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ስም ብቻ ከሆነ እችለው ነበር፤ ከዚያ በፊትም ችያለሁ። አንቀጽ ሦስት ላይ ስደርስ ግን ሌላ ነገር ተጽፎ አገኘሁ። መረብ ጠፍቶበት የተገኘ ማንኛውም ዓሣ አጥማጅ ይቀጣል፤ ቅጣቱም በየጊዜው ያድጋል። ጃፓንን ያባበልሽበት ይህ ነበር። የእኔን አንቀጽ አውጥተሽ የእሱን ተክተሽ፣ ቁጥሩን እንደነበረ ትተሽዋል።

ማሪቤል በትከሻዬ በኩል አንብባ ከንፈሯን መጠጠች።

«ይሄ ትናንት ያነበብሽልኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ታለቃቅሻለሽ?»

«አላለቀስኩም።»

«ዓይንሽ ግን የራሱን ውይይት ጀምሯል። ስሚኝ፣ ፓራጓይ። አቅራቢ ብትሆኚ ኖሮ በራስሽ ሰነድ ላይ ተቃውመሽ መናገር አትችይም ነበር፤ ትደግፊያለሽ፣ አለቀ። አሁን ግን ምንድን ነሽ?»

«ፈራሚ።»

«ፈራሚ ደግሞ ምን ግዴታ አለበት?»

ምንም። ፈራሚ ምንም ግዴታ የለበትም። ከወረቀቱ ስታወርጂኝ ከወረቀቱ ነፃ እንዳወጣሽኝ አላሰብሽውም፤ ደንቡን እኔ ነበርኩ የማነብልሽ።

ከድምፅ በፊት ሊቀመንበሩ ሁለት ደጋፊና ሁለት ተቃዋሚ ተናጋሪዎች ይጠራል። ለድጋፍ ካርቶኖች ተነሱ፤ አንቺና ብሬደን ተመረጣችሁ። ጥሩ ተናገርሽ። የንግግርሽ ሁለተኛው አንቀጽ የእኔ ነበር፤ ወጥ ቤት ያነበብሽው። «ተቃውሞ ያለው?» ሲል ካርቶኔን አነሳሁ። አዳራሹ ዞር አለ። ከመድረኩ ላይ ሆነሽ ራስሽን ነቀነቅሽ፤ በጣም ትንሽ፤ ለእኔ ብቻ እንዲታይ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን መምህር ሲጠይቀኝ ተሳስቼ ልመልስ ስል እንደዚያ ትነቀንቂልኝ ነበር።

ወጣሁ። ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር አውልቄ ስለነበር በካልሲ ነው የወጣሁት፤ ከደረስኩ በኋላ ነው ያወቅኩት።

«ክቡር ሊቀመንበር» አልኩ፤ «ፓራጓይ ባሕር የላትም። ይህንን ብዙ ልዑካን ከትናንት ጀምሮ አስታውሰዋታል፤ ታመሰግናለች።» ሳቁ። አላቋረጥኳቸውም። «ባሕር ስለሌላት ከዚህ ሰነድ የምታተርፈውም የምታጣውም የለም። ስለዚህ የምትለውን ስሟት። መረብ ሲጠፋ የት እንደጠፋ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጠፋበት ሰው። አንቀጽ ሦስት እሱን ይቀጣል። የሚቀጣ ከሆነ ዝም ይላል። ዝም ካለ መረቡን ማን ያወጣዋል? ይህ ሰነድ ባሕሩን አያጸዳም፤ አንድን ሰው ብቻ አፉን ያስይዘዋል። በዚህ ወረቀት ላይ የፓራጓይ ስም ፈራሚ ተብሎ ሰፍሯል። ፈራሚ ሰነዱ ለውይይት ይቅረብ ብሎ ነው የፈረመው፤ ውይይቱ ይኸው። ፓራጓይ ትቃወማለች። የቀረውን ጊዜ ለሊቀመንበሩ ትመልሳለች።»

ማጨብጨብ ክልክል ስለሆነ ጠረጴዛ የሚያንኳኩ ነበሩ። መጀመሪያ ያንኳኳችው ማሪቤል ናት። ከኋላ ኬንያ ተከተለች።

ተመልሼ ስቀመጥ ሌላ ቁራጭ ወረቀት ጠበቀኝ። «ምን እያደረግሽ ነው?! የእኛው ትምህርት ቤት እኮ ነው! ቢያንስ ድምፀ ተአቅቦ አድርጊ፤ እለምንሻለሁ።» ዞር ብዬ አየሁሽ። ድምፀ ተአቅቦ ማድረግ እንደማልችል ትዝ ያለሽ ያን ጊዜ ነው፤ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ። በጠዋቱ ጥሪ ድምፅም እሰጣለሁ ብያለሁ።

ድምፁ በስም ጥሪ ይሁን ተባለ። ፔሩ፣ አሉ። ተቃውሞ። ከእሷ በፊት ፓራጓይ ተጠርታ ነበር። እኔ የጻፍኩትን፣ አባቴን አስቤ የጻፍኩትን፣ ከእናትሽ ድንች ጎን ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ሰነድ «ተቃውሞ» ብዬ ጣልኩት። ረቂቁ በጥቂት ድምፅ አነስ ብሎ ወደቀ። ዴዝሞንድ መዶሻውን መታ፤ ወደሚቀጥለው አለፈ። ምርጥ ልዑክ የተባለው ሌላ ክፍል የነበረ ልጅ ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት ማንም አልተጠራም።

በአውቶቡስ ትምህርት ቤታችን ወዳለበት ወደ ዱሉዝ ስንመለስ የተቀመጥሽው ከፊት ነበር። ልጆቹ አያናግሩኝም። አንዱ ከኋላ «ፓራጓይ፣ በረዶው ላይ ወርደሽ ግፊ እስቲ» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሚስ ቮይት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የእጅ ሹራባቸውን እያወለቁ በቀስታ ነበር የሚናገሩት።

«ዋንዳ፣ ጎበዝ መሆንሽን አውቃለሁ። ግን የራስን ቡድን እንዲህ ማድረግ ምን ይባላል?»

«ሰነዱን ቀየረችው፣ ሚስ ቮይት። ስሜንም አወጣችው።»

«ፔይተን ነግራኛለች። ‹ፓራጓይ ባሕር የላትም፣ ፈራሚ አድርጊኝ› ያልሽው አንቺ ነሽ። ተስማምተሽ ስታበቂ መድረክ ላይ ወጥቶ ማዋረድ...»

«አላልኩም።»

«ዋንዳ።»

«አላልኩም። አልጠየቀችኝም።»

«ይብቃ አሁን። ሁላችንም ደክሞናል።»

ተነስተው ሄዱ። አንቺ ከፊት ሆነሽ ጭንቅላትሽን መስኮቱ ላይ አስደግፈሽ ነበር። መተኛትሽን እንጃ። ፔይተን፣ ስሜን ከላይ ወደ ታች ማውረድሽን በጥድፊያ የተደረገ ነገር ብዬ ልወስደው እችል ነበር። አንቀጹን መለወጥሽንም፣ ማሸነፍ ፈልጋ ነው ማለት እችል ነበር። ሁለቱንም ከዚያ በኋላ ለራሴ ብዬዋለሁ። በእኔ አፍ ያላልኩትን ብላለች ማለትሽን ግን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁለት። እስካሁንም አላገኘሁም። ለዚያ ጥድፊያ አልነበረም። ከአዳራሹ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ስትሄጂ አስበሽበታል።

አለቃ አንቺ ሆንሽ። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው «ለቡድን መንፈሷ» የሚል ነው። ሚያዝያ ላይ ጠረጴዛዬ ላይ ትሪሽን አስቀምጠሽ «አሁንም ተቆጥተሻል?» አልሽኝ። «አይ» አልኩ። «በይ እንግዲህ፣ የአቋም ጽሑፎቹን አብረን እንሥራ» አልሽ። አብረን ማለት እኔ ማለት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለአሥራ አንዱም የቡድናችን ልዑካን የአገራቸውን አቋም ጻፍኩ። አንቺ አቀረብሽ። ዋሽንግተን ያለው ዩኒቨርሲቲ ሲቀበልሽ እናትሽ ኬክ አስጋገሩ፤ ለእኔም ትልቁን ቁራሽ ሰጡኝ። «አንቺ ባትኖሪ የት ትደርስ ነበር» አሉኝ በጆሮዬ። እሳቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ያን ዕለት ምን እንደተሰማኝ ስትጠይቂኝ «ደክሞኝ ነው» ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። መመሪያውን ጽፌዋለሁ። ስለ ጥሪው፣ ስለ ተናጋሪዎች ተራ፣ ሐሳብ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ማሻሻያ መቼ አቅራቢዎቹ ሁሉ ሊስማሙበት እንደሚገባና መቼ በድምፅ እንደሚወሰን፣ ሁሉም አለበት። አቅራቢና ፈራሚ ለሚሉት ሙሉ ገጽ ሰጥቻቸዋለሁ። አንድ አሠራርም ጨምሬበታለሁ፤ ሰነድ ለሊቀመንበር ከመግባቱ በፊት ስማቸው ያለበት ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው፣ እያንዳንዱ አቅራቢ ነኝ ወይም ፈራሚ ነኝ ብሎ በራሱ አፍ ይናገር የሚል። የትኛውም ጉባኤ ደንብ ላይ አላየሁትም። በእኛ ትምህርት ቤት ግን ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ለሚስ ቮይት በእጃቸው ሰጠኋቸው። ሽፋኑ ላይ ስሜን ብቻ አንብበው ነገሩ ገባቸው መሰለኝ።

«ፔይተንስ?» አሉኝ።

«አልጻፈችውም» አልኳቸው። «መስከረም ላይ የማቀርበው እኔ ነኝ። እሷ መምጣት ከፈለገች ወንበር አለ።»

«የዚያን ዕለት አውቶቡስ ውስጥ...» ብለው ጀመሩ። «አዎ» አልኩ። እሺ ብለው ቀኑን ነገሩኝ።

ልጎዳሽ አይደለም ይህን የጻፍኩት። ዋሽንግተን ላይ መልካም ይግጠምሽ፤ ጥሩ ድምፅ አለሽ፤ የራስሽን ነገር የምትናገሪበት ቀን ቢመጣ መጥቼ አዳምጥሻለሁ። ዓሣውንም አባቴ ዘንድ ብትሄጂ እንደ ድሮው ይሰጥሻል፤ እሱ ምንም አያውቅም፣ እኔም አልነግረውም።

ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ፣ እኔ የጻፍኩትን አንቺ ይዘሽ ስትወጪ ከታች ቁጭ ብዬ አላዳምጥም። ወረቀት ላይ አንደኛ ነሽ መባልን እንደ ምስጋና አልወስድም። ከዓመታት በፊት አጠገቤ ስለተቀመጥሽ ዝም ማለት አለብኝ የሚለውን ሐሳብ፣ ከራሴ ውስጥ ቢመጣም እንኳ፣ አልሰማውም። ሳልጠየቅ «ተስማምታለች» መባልን ደግሞ አልቀበልም፤ ከአንቺም፣ ከእኔ ከሚበልጥም፣ ከማንም።

ዋንዳ ኮስኪ
ናይፍ ሪቨር፣ ሚኒሶታ